የፍስክ ስንቅ

ጓዳዬ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ሁለት አቁማዳ ተሰቅሏል። በአንደኛው ቅቤ ያልነካው በሶ፣ የተቆላ ሽምብራና ትንሽ ጨው አለ። በሁለተኛው ጭኮ አለ፤ በሶው በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ተጠቅጥቆ። የልጅ ልጆቼ ከከተማ በመጡ ቁጥር ይስቁብኛል። «እማማ፣ ጣልያን እንደሆነ ከሄደ ቆየ፤ አሁን ማንን ነው የሚጠብቁት?» ይሉኛል። እኔም «እናንተን ነዋ! ስትመጡ ቤቱን ሙልጭ አድርጋችሁ ስለምትበሉት» እላቸዋለሁ። ሳቃቸውን ይለቁታል። ለምን ሁለት እንደሆነ ግን አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ሳይጠይቁኝ መለፍለፍ አልወድም።

ልጅ ሆኜ የኖርነው ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ነው፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው አገር ብዙም ሳይርቅ። የጣልያን ካሚዮን ከቡሬ ምሽግ ተነስቶ ሲመጣ አቧራው ከደጃችን ይታየናል። መሣሪያ አስረክቡ የተባለ ጊዜ አባቴ ምንሽሩን ይዞ ዱር ገባ። ሲሄድ እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁትም፤ ጥጃ ስፈታ ነው ያለፈኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ቤት የቀረነው እናቴ፣ ባሏ ሞቶባት ከእኛ ጋር የምትኖር የአባቴ ታላቅ እህትና እኔ ነን። እናቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች። እኔ ጾም መያዝ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜዬን ከዚያ አስሉት።

እናቴ ብልህ ነበረች። ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ የጎዳን ብልህነቷ ነው። ሌላው ሰው «እንደ ፈቀደው ይሁን» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ እሷ ቁጭ ብላ ታስባለች። ቤት ቢቃጠል የት እንገባለን? የት ተኝተን፣ ምን በልተን እንሰነብታለን? እህሉን በጋጣው ወለል ስር በተቆፈረ ጉድጓድ ከታ፣ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ላዩን እበት አለበሰችው። ከዚያ ወደ ብር ወንዝ ሸለቆ ወርዳ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ያለ አንድ ዋሻ አይታ መጣች። አቀበቱን ስትመለስ ሆዷ ገፍቶ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። «ውሃ ቅርቡ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰው የለም» አለችን፣ ቤት ገዝታ የተመለሰች ይመስል ፊቷ በርቶ።

ዋናው ሐሳቧ ግን ስንቁ ነበር። ዋሻ ውስጥ እሳት አይነደድም፤ ጭስ ከታየ አውሮፕላኑ ይመጣል። ስለዚህ እሳት የማይሻ፣ ለመሸከም የማይከብድ፣ ወራት ቢቀመጥ የማይበላሽ፣ በጭብጥ ብቻ ቀን የሚያውል ምግብ ፈለገች። እንግዲህ ከጭኮ ሌላ ምን አለ? ክረምቱ እንደወጣ ቅቤው እንደልብ ነው። ሰውም ሁሉ «ወንዙ ጎደል ሲል፣ መንገዱ ሲደርቅ ይመጣሉ» ይል ነበር። እናቴም በጥቅምት ገብሱን ቆልታ አስፈጨች፤ የቤቱን ቅቤ አንጥራ ጨርሳ አሸችው። አንድ ትልቅ አቁማዳ ሞላ። እኔ ጣቴን ልልስ ስል እጄን መታችኝ። «ይኼ ለክፉ ቀን ነው!»

ማለማመዱንማ አታንሱት። ምሳ ላይ ቁጭ ባልንበት ድንገት «ተነሡ!» ትላለች። አክስቴ አቁማዳውን፣ እኔ ቅሉንና ጨዉን፣ እሷ ሕፃኑን። ሕፃኑ ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር የምትወጣው። አጥሩ ጋ ደርሰን እንመለሳለን፤ ወጡ ቀዝቅዞ ይጠብቀናል። አክስቴ «ኧረ ሴትዮ፣ ጣልያኑ ሳይመጣ አንቺ ልትገድዪኝ ነው» እያለች ትነጫነጫለች። ጎረቤቶቻችን ሟርተኛ ይሏት ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ «ዛሬስ ስደት የለም?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ስቃ ታልፋለች።

ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳርም አለፈ። ወንድሜ ተወለደ። ጥምቀትን አከበርን፤ ማንም አልመጣም። አርባ ቀኑ ደርሶ ክርስትና አነሳነው። ደንበኛ ልጅ ነበር፤ ሲጠባ ጉሮሮው ቋ፣ ቋ ይላል። አክስቴ «ይኼስ አባቱን ነው፤ ጠላ ሲጠጣ እንዲሁ ነበር» ትል ነበር። እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች። ያቺ ሳቋ ናት እስከ ዛሬ በጆሮዬ የቀረችው።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን አክስቴ አቁማዳውን እያየች «አንቺ፣ አሁን ቢመጡ ይኼን በጾም ማን ይበላዋል?» አለቻት።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም። «በጾም አይመጡም እትዬ» አለች። «እነሱም እኮ ክርስቲያን ናቸው። ማንኩሳ ገበያ አንዱ ነጭ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ሲያማትብ በዓይኔ አይቻለሁ። በሁዳዴማ ቤት አያቃጥሉም።»

የሚታመን ነገር ነው። የኛ ሰው በሁዳዴ የተጣላውን ያስታርቃል እንጂ ሰው ቤት ላይ እሳት ይለቃል ብሎ ማን ያስባል? ይሁንና እናቴ አክስቴን ደስ ይበላት ብላ አንዲት ትንሽ ስልቻ በሶና ቆሎ ሞልታ ከአቁማዳው ጎን ሰቀለቻት።

ከደብረ ዘይት በኋላ በነበረው ሳምንት መጡ። ጠዋት ነው፤ እኔ አመድ ላወጣ ደጅ ነበርኩ። ከኮረብታው ላይ ጡሩምባ ተነፋ፤ ወዲያው ደግሞ የጥይት ድምፅ። እናቴ ከቤት ሳትጮህ ወጣች። ሕፃኑን አዝላዋለች። አክስቴ አቁማዳውን፣ እኔ ቅሉን። ልምምዳችን እንዲያ ያለ ነበር፤ አንድም ነገር አልረሳንም፤ ስልቻዋም፣ ጨዉም ሳይቀር። ላሟን ብቻ መንዳት አልቻልንም፤ ከሌሎቹ ከብቶች ጋር ደንብራ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ እዚያ ይጠብቋት ነበር።

ከገደሉ አፋፍ ዞር ብለን አየን። ቤታችን ይነዳል። የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። ባንዶቹ በየጋጣው እየገቡ መሬቱን በብረት ዘንግ ይወጉ ነበር፤ ጉድጓድ እንደምንቆፍር ያውቃሉ፤ የኛው አገር ሰዎች ናቸዋ! እናቴ እህሏን ሲያወጡት እያየች አላለቀሰችም። የአክስቴን ክንድ ይዛ «አዩ እትዬ? ስንቃችን ተርፏል» አለች። ኩራት ነበረባት። እኔም ያን ጊዜ በእናቴ ኮራሁ።

ዋሻው ግን የእኛ ብቻ አልሆነም። ሟርተኛ ሲሏት የነበሩት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ዱካችንን ተከትለው መጡ፤ ባዷቸውን ነው የመጡት። እናቴ ልባም እንጂ ክፉ አልነበረችም። ስልቻዋን ፈታ ለጿሚው ሁሉ በጭብጥ በጭብጥ አደለች። ጾም ላልደረሱት ትንንሽ ልጆች ደግሞ አቁማዳውን ፈታች። እነዚያ ልጆች ጭኮውን እየገመጡ አፋቸው በቅቤ ወዝቶ ሲስቁ እኛ ፊታችንን እናዞር ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ አያት ሆነዋል፤ በመንገድ ሲያገኙኝ ጉልበቴን ይስማሉ።

ስልቻዋ ወዲያው አለቀች። ከዚያ ወዲያ ያለው የቆላ ፍሬ ነው፤ ሾላ፣ እንኮይ፣ እሱም ከተገኘ። ባንዶቹ መንደሩ ላይ ሰፍረው ስለነበር ወደ ላይ መውጣት አይቻልም። እናቴ የደረሳትን ሾላ ለእኔ ትሰጠኛለች። «እኔ ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። ከምን እንደጠገበች እንጃ!

ከዚያ ጡቷ ነጠፈ። በመጀመሪያ ወንድሜ እየጠባ መነጫነጭ ጀመረ፤ ኋላ ጡቱን ይዞ ይጎትትና ይለቀዋል፤ ያለቅሳል። ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ሌላ አንዲት የምታጠባ ሴት ነበረች፤ አንድ ሁለቴ ሰጠችው፤ ኋላ ለራሷም ልጅ አልበቃ አላት። ጭኮውን በውሃ በጥብጠን በጣት ሰጠነው፤ መልሶ አስወጣው። ገና ምኑን ያዘና! ከእናት ጡት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። እናቱ ደግሞ ጡቷን የሚመልሰው ምግብ ከራስጌዋ ተቀምጧል።

አክስቴ ጭኮውን ቆርሳ አፏ ድረስ አቀረበችላት። «ብዪ አልኩሽ! አጥቢ ነሽ። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

«እትዬ፣ ይተዉኝ።»

«ልጁ እየሞተ ነው፤ አንቺ ሴት!»

«ያባቱስ ነገር?» አለች እናቴ። «እሱ እኮ ጥይት መሀል ነው። በሁዳዴ ቅቤ በልቼ እግዚአብሔር ፊቱን ቢያዞርበትስ? ማንን ልምረጥ? እስቲ እርስዎ ይምረጡልኝ።»

አክስቴ ጭኮውን ወደ አቁማዳው መለሰችው። እሷም ብትሆን እንደዚያ እየተናደደች ቁራሽ አልቀመሰችም። «እርስዎስ ለምን አይበሉም?» ብላት «እኔ ማንን ላጠባ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ዋሻው ውስጥ የሌላ ደብር ቄስ ነበሩ፤ ፈሪ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ። እናቴ ሕፃኑን ይዛ እግራቸው ስር ወደቀች። «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ልጄ ጡት አጣ» አለች።

«የነፍስ አባትሽ ማን ናቸው?» አሏት።

«የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ፈረስ ቤት ደጋ ወጥተዋል።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሌላ ካህን የነፍስ ልጅ ነሽ። በሳቸው ልጅ ላይ እኔ ምን ቃል አለኝ? ሥልጣኑ አልተሰጠኝም ልጄ።»

«ኧረ በሥላሴ!» ብላ አክስቴ ጮኸች። «በዚህ ቀን ነው የኔ ልጅ፣ ያንተ ልጅ የሚባለው?» ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልማርኳቸውም፤ ማሩ ያለው ጌታ ይማራቸው።

በማግስቱ፣ ከኒቆዲሞስ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ገና ጎህ ሲቀድ አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆመች። «ፈረስ ቤት እሄዳለሁ። ፈቃዱን ከራሳቸው አፍ አመጣልሻለሁ። እስከዚያ ልጁን አቆዪው» አለች። ያ ሁሉ ቆላ፣ ያ ሁሉ የዳሞት አቀበት፣ በየመንገዱ ባንዳ፣ በባዶ ሆድ! እናቴ ጉልበቷን ሳመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን አንድ ብቻ ሆነ፤ ሕፃኑን እስክትመጣ ማቆየት። ከንፈሩን በውሃ እናርሳለን። ጥላውን እየተከተልን እናዘዋውረዋለን። እናቴ ባዶ ጡቷን ታጎርሰዋለች። እኔ ደግሞ ከዋሻው አፍ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። አክስቴ አትመጣም።

ሆሣዕና ደረሰ። ቄሱ ከወንዙ ዳር ዘንባባ አስቆርጠው መጡ፤ እኛ ልጆች በጣታችን ቀለበት ሠራንበት። እንግዲህ በሕማማት ሰው ቢሞት ፍትሐት አይደረግለትም። ስለዚህ ለዚያ ሳምንት የሚሆነው ፍትሐት በሆሣዕና ዕለት ቀድሞ በቁም ይደገማል፤ ማን እንደሚሞት ስለማይታወቅ ለሁሉም ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያንም የክፉ ቀን ስንቋን እንዲያ አስቀድማ ትይዛለች። ቄሱ ሲደግሙ እናቴ ወንድሜን ነጠላዋ ስር ደበቀችው። እሱ ቃሉን እንዳይሰማው የፈለገች ይመስለኛል።

ሰኞ ሞተ። ከሰዓት ነው፤ ሰዉ ስግደት ላይ ነበር። አላለቀሰም፤ ማልቀስ ካቆመ ቆይቶ ነበር። እናቴ ለረጅም ጊዜ ጡቷን አፉ ውስጥ እንደያዘች ተቀመጠች፤ እኔም የተኛ መስሎኝ ዝንብ እከለክልለት ነበር። ከወንዙ በላይ ካለ ዋንዛ ስር ቀበርነው። ፍትሐቱ ትናንት አልቋልና ቄሱ ዝም ብለው ቆመው ነበር። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ እናቴ አልሳመችውም። ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችውና አፈሩን ራሷ መለሰችበት።

ረቡዕ ጠዋት ከገደሉ ግርጌ ጩኸት ሰማን። የአክስቴ ድምፅ ነው። ገና ሳታየን፣ አቀበቱን እየቧጠጠች፣ ትንፋሽዋ እየተቆረጠ ትጮሃለች፤ «ብዪ! ብዪ ብለዋል! አሁኑኑ ብዪ!» ባንዳ ይስማኝ አይስማኝ አላለችም። እኔ ወደ ታች ልሮጥ ተነሣሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዋሻው አፍ ደርሳ እናቴን አየቻት፤ ታቅፋ የነበረውን ፈለገች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቁጭ አለች፤ እግሮቿ ቆስለው፣ ደም ደርቆባቸው ነበር። ለማንም ሳይሆን መሬቱን እያየች መናገር ጀመረች። የነፍስ አባታችንን ያገኘቻቸው ከፈረስ ቤት ወዲያ ነው፤ እየተሸሸጉ ቦታ ስለሚቀያይሩ ያዘገያት እሱ ነው። ስትነግራቸው አለቀሱ። «ይኼን ለመጠየቅ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሽ? ማንም ቄስ ይነግራት የለም እንዴ? ገና ድሮ ነበር መብላት የነበረባት!» አሏት።

ሽማግሌው ቄስ ይኼን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ። ለሁለቱ ሴቶች መላቀስ እንኳ አልሆነላቸውም። ሳምንቱ ሕማማት ነውና ተቃቅፈው አልተሳሳሙም፤ ትይዩ ተቀምጠው ይተያዩ ነበር። በኋላ አክስቴ «እንግዲህ ፈቃዱ አለሽ፤ ራስሽን እንኳ አትርፊ» አለቻት። እናቴም «አሁን ለማን ብዬ?» አለች። ጾሟን ሳትገድፍ እስከ ፋሲካ ዘለቀች።

በፋሲካ ቄሱ ሥርዓቱን አድርሰው «ፈስኩ» አሉ። በዋሻው ውስጥ ከእናቴ ጭኮ በቀር የሚፈሰክበት ነገር አልነበረም። ለሁሉም ታደለ። እናቴም በላች፤ አክስቴ እያጎረሰቻት፣ እሷም እንደታዘዘ ሰው እያኘከች። በማግስቱም በላች። ጭኮ መቼም ጉልበት አለው፤ ያለ ምክንያት አልመረጠችውም። ፊቷ ትንሽ ደም መለሰ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ። እንባ መሰለኝና ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። የቀሚሷ ደረት ግራና ቀኙ ርሷል። ወተቱ ተመልሶ መጥቷል። እናቴ ወደ ታች አይታው እጇ ጸጉሬ ውስጥ እንዳለ ቆመ። የዚያች የሌላዋ ሴት ሕፃን ከዋሻው ጥግ ያለቅስ ነበር፤ ባለቀሰ ቁጥር ይፈስሳል። አክስቴ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞረች።

እናቴ ተነሣች። መቀነቷን ከወገቧ ፈታ ደረቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ጠበቅ፣ ጠበቅ እያደረገች፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና የጀመረችልኝን ሹሩባ ጨረሰች። ስትጨርስ አቁማዳውን አሳየችኝ፤ ከስሩ ትንሽ ተርፎ ነበር።

«በደንብ ቋጥሪው» አለችኝ። «ለክፉ ቀን ይሆናል።»